ልዑል ዓለማየሁ የከረመባት ደሴት

(ይህ ለንደን ለሚኖሩ ወገኖቻችን በአንድ እሑድ ከሰዓት በኋላ ያደረግሁት ንግግር ነው። በቃል የተናገርኩትን ብዙም ሳልነካካ ጽፌዋለሁ። ካልገለጽኩ በቀር ዓመቶቹ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።)

እናቶቼ፣ አባቶቼ፣ እህት ወንድሞቼ፣ እንደምን ዋላችሁ። ልጆችም ከኋላ ተቀምጣችኋል። ዛሬ የማወራው ለእናንተም ጭምር ነው።

እስቲ ልጠይቃችሁ። እዚህ አገር ባሕር ዳር ሄዶ የሚያውቅ እጁን ያንሳ። ኧረ ሁላችሁም! ብራይተን፣ ሳውዝኤንድ፣ ማርጌት፣ አይደል? በማኅበር አውቶቡስ ጠዋት እንወጣለን። ምሳችንን እንበላለን። ልጆቹ እግራቸውን ያርሳሉ። ማታ እንመለሳለን። ደስ ይላል፣ እኔም ስንት ዓመት ሄጃለሁ። ግን ለረጅም ጊዜ ባሕር ዳር ማለት ያ ብቻ ይመስለኝ ነበር፤ መኪና ማቆሚያው፣ ጠጠሩ፣ አይስክሬሙ።

ዛሬ ስለ አንዲት ደሴት ልነግራችሁ ነው የመጣሁት። አይል ኦፍ ዋይት ትባላለች። ለአምስት ዓመት ያህል በየጊዜው እየተመላለስኩባት ነው። የምለምናችሁ አንድ ነገር ነው። ስትሄዱ ባሕሩን ከከተማው ሆናችሁ አይታችሁ ብቻ አትመለሱ። ከከተሞቹ ጀርባ ያለውን ገጠር በእግራችሁ ሂዱበት። እዚያ ገጠር ውስጥ የእኛ ልጅ የኖረበት መንደር አለ። እሱ ጋ እስክንደርስ ታገሡኝ።

ደሴቷ ከእንግሊዝ ደቡብ ጫፍ ትንሽ ራቅ ብላ ተቀምጣለች። በመካከል ሶለንት የሚባል ጠባብ የባሕር መተላለፊያ አለ። ስፋቷ 380 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ከአዲስ አበባ ታንሳለች። ነዋሪዎቿ ወደ 140,000 ይሆናሉ። ድልድይ የላትም። ከምድር በታች የሚያሻግር መንገድም የለም። የሚሄድ ሁሉ በውኃ ላይ ነው የሚሄደው። ገጠሯ ሳይነካ የቆየበት አንዱ ምክንያት ይህ ይመስለኛል። ከደሴቷ ግማሽ ያህሉ በተፈጥሮ ውበቱ በሕግ የተጠበቀ ነው። በ2019 ደግሞ ዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ሥፍራ ብሎ መዝግቧታል፤ እንደ ጣናና እንደ ካፋ ማለት ነው።

አካሄዱ ቀላል ነው። ከዋተርሉ ፖርትስመዝ ሃርበር ድረስ በባቡር ትሄዳላችሁ። ሁለት ሰዓት አይሞላም። ከጣቢያው ወጥታችሁ ብዙ ሳትራመዱ ጀልባው አለላችሁ። 22 ደቂቃ ውኃ ላይ ቆይታችሁ ራይድ ትደርሳላችሁ። ቲኬቱን ከለንደን እስከ ደሴቷ መጨረሻ ጣቢያ፣ እስከ ሻንክሊን፣ አንድ ላይ መቁረጥ ይቻላል። ጀልባው አብሮ ይታሰባል። ልጅ ያላችሁ ደግሞ ከሳውዝሲ በሆቨርክራፍት ሂዱ። በአየር ትራስ ላይ ተንሳፎ ውኃውንም አሸዋውንም የሚሻገር ነው። 10 ደቂቃ ነው የሚፈጀው። የልጄን ፊት ያን ጊዜ ብታዩት!

ራይድ ስትደርሱ መጀመሪያ የምትረግጡት መሬት አይደለም። ወደ ባሕሩ 680 ሜትር ያህል የተዘረጋ፣ በምሰሶ ላይ የቆመ ረጅም መረማመጃ ነው። በ1814 ነው የተከፈተው። ለምን ይህን ያህል አስረዘሙት? ራይድ ላይ ባሕሩ ሲሸሽ አሸዋውና ጭቃው ሩቅ ድረስ ይገለጣል። ጀልባ መጠጋት አይችልም። ከዚያ በፊት መንገደኛው በሰው ጀርባ ታዝሎ ወይም በጋሪ ነበር ወደ ምድር የሚወጣው። እንግዲህ ይታያችሁ፣ ባርኔጣና ካባ የለበሰ ትልቅ ሰው በሸክም!

መረማመጃው ጫፍ ላይ ባቡር ይጠብቃችኋል። ባቡሩን ስታዩት የምታውቁት ይመስላችኋል። እውነት ነው፣ ታውቁታላችሁ። ድሮ እዚህ ለንደን ዲስትሪክት መስመር ላይ ይሠራ የነበረ ነው። ከዚያ በፊት የነበሩት ደግሞ በ1938 ዘመን የተሠሩ የለንደን ባቡሮች ነበሩ። እስከ 2021 መጀመሪያ ሠርተዋል። ራይድ ከተማ ሥር ያለው ዋሻ ጣራው ዝቅ ያለ ነው። መደበኛው ባቡር አያልፍበትም። ስለዚህ ከ1967 ጀምሮ ከለንደን በጡረታ የሚወጡትን ቁመተ አጭር ባቡሮች እየወሰዱ ይጠቀማሉ። እናቴ "አሮጌ ነገር የማይጥል ሕዝብ ደግ ነው" ብላ መረቀቻቸው።

እናቴን ያነሳሁት ያለ ምክንያት አይደለም። ባለፈው ከፋሲካ በኋላ ከደብረ ታቦር ልትጠይቀኝ መጥታ ነበር። ሦስት ቀን ደሴቷ ላይ አብረን ቆየን። እስከዚያ ድረስ ቦታውን የማውቅ ይመስለኝ ነበር። በእሷ ዓይን ሳየው ነው የገባኝ።

ስለ ከተሞቹ ብዙ አልልም። ሳንዳውንና ሻንክሊን ጎን ለጎን ናቸው። ሰፊ አሸዋ አላቸው። ከብሪታንያ ፀሐይ በደንብ ከሚያገኙት ቦታዎች መካከል ናቸው። ለትንንሽ ልጆች አሪፍ ነው። ካውዝ የጀልባ ቀዛፊዎችና የሸራ መርከቦች ከተማ ናት፤ ከ1826 ጀምሮ በየዓመቱ በነሐሴ ውድድር አለ። ያርመዝ ደግሞ በግማሽ ሰዓት ተዟዙሮ የሚያልቅ ትንሽ ወደብ ነው፤ እዚያ ሻይ ጠጡ።

ቬንትነር ላይ ግን ቆም ልበል። ጀርባዋን ለተራራ ሰጥታ ፊቷን ወደ ደቡብ ባሕር ያዞረች ከተማ ናት። ቤቶቹ እንደ እርከን አንዱ ባንዱ ላይ ተደርድረዋል። የሰሜኑ ነፋስ አያገኛትም። ክረምቷ ከሌላው ለስለስ ይላል። በዚህ ምክንያት በ19ኛው መቶ ዘመን ሐኪሞች የሳንባ ሕመምተኞችን ወደዚህ ይልኩ ነበር። በ1869 ለሳንባ ነቀርሳ ትልቅ ሆስፒታል ተሠራ። ክፍሎቹ በሙሉ ወደ ባሕር የሚያዩ ነበሩ። የዚያን ጊዜ ለበሽታው መድኃኒት አልነበረም። የነበረው ፀሐይ፣ ንጹሕ አየርና ጥሩ ምግብ ነው። መድኃኒቱ ከተገኘ በኋላ ሆስፒታሉ ሥራ ፈታ። በ1964 ተዘጋ። አሁን ቦታው የዕፅዋት መናፈሻ ነው። ሌላው የብሪታንያ ክፍል ውስጥ ደጅ ላይ የማይበቅል ተክል እዚያ ደጅ ላይ ይበቅላል። እዚያ አግዳሚ ላይ ተቀምጬ የእኛን አገር የሳንባ ሕመምተኞች አሰብኩ። አየር ለውጡ ተብለው ደጋ የሚላኩትን።

ከእናንተ መካከል በ60ዎቹ ተማሪ የነበራችሁ አላችሁ። ካርል ማርክስም ሳንባውና ጉሮሮው ሲያስቸግረው ሐኪም ቬንትነር ልኮታል። የመጨረሻውን ክረምቱን፣ ከ1882 መገባደጃ እስከ 1883 መግቢያ፣ እዚያ ነው ያሳለፈው። የትልቋ ልጁ ሞት የተነገረውም እዚያ ሳለ ነው። ከሁለት ወር በኋላ እሱም ለንደን ላይ አረፈ። ስሙን በመፈክር ለምናውቀው ሰው፣ አንድ አባት በዚያ ዳገት ላይ ሲያስል ማሰብ ሌላ ስሜት አለው።

አሁን ወደ ገጠሩ እንግባ።

ሁለተኛው ቀን ጠዋት ነው። ከአውቶቡስ ወርደን በእግር መሄድ ጀመርን። መንገዱ አንድ የእንጨት በር ጋ ደረሰ። ከበሩ ወዲያ ስንዴ ነው። ገና አረንጓዴ፣ ጉልበት የሚደርስ። በስንዴው መካከል ቀጭን የእግር መንገድ ይሄዳል። እኔ በሩን ከፍቼ ገባሁ። እናቴ ቆመች።

"ልጄ፣ ይህ የማን አዝመራ ነው?"

"የገበሬው ነዋ፣ እማዬ።"

"ታዲያ ሳናስፈቅድ? የሰው አዝመራ አይረገጥም።"

እንዴት እንደማስረዳት ግራ ገባኝ። እናቴ የገበሬ ልጅ ናት። አዝመራ መሐል የገባ ከብት ስንት ጠብ እንዳስነሳ ታውቃለች። እዚህ አገር መንገዱ የሕዝብ እንደሆነ ነገርኳት። መሬቱ የገበሬው ቢሆንም መተላለፊያው የሁሉም ነው። ከዘመናት ጀምሮ ሰው ወደ ቤተ ክርስቲያን፣ ወደ ገበያ፣ ወደ ወፍጮ ሲሄድበት የኖረ ነው። በካርታ ተመዝግቧል። ገበሬው መዝጋት አይችልም። የእንጨት ምልክቱን አሳየኋት። ቢጫ ቀስት ለእግረኛ፣ ሰማያዊው በፈረስና በብስክሌትም ለሚሄድ። ደሴቷ ላይ እንዲህ ዓይነት መንገድ ከ800 ኪሎ ሜትር በላይ ነው።

ትንሽ አሰበች። ከዚያ ነጠላዋን ሰብሰብ አድርጋ ገባች። ስንዴው እንዳይነካት በቀጭኑ መንገድ ላይ እግሯን እያስተካከለች ሄደች። ወዲያኛው ጫፍ ስንደርስ በሩን ራሷ ዘጋችው። "የከፈቱትን በር መዝጋት" አለች። የእንግሊዝ ገጠር ሕግም ይኸው ነው። መንገዱን አትልቀቁ፣ በሩን እንዳገኛችሁት ተዉት፣ ውሻ ካላችሁ ያዙት፣ ቆሻሻችሁን ይዛችሁ ውጡ። እናቴ ሳትማረው ታውቀዋለች።

ይህን የምነግራችሁ ለምን መሰላችሁ? ብዙዎቻችን እዚህ አገር ገጠር ስንገባ ልባችን ይፈራል። የሰው ግቢ የገባን ይመስለናል። ሰዎቹ ምን ይሉናል እንላለን። ወገኖቼ፣ ያ መንገድ የእናንተም ነው። ሕጉ ዜግነት አይጠይቅም፣ ገንዘብም አይጠይቅም። የሚያገኛችሁ ሰው ሁሉ "ሞርኒንግ" ይላል። እናንተም መልሱለት። ለንደን ውስጥ አሥር ዓመት ስኖር ከማላውቀው ሰው ያልሰማሁትን ሰላምታ እዚያ በአንድ ጠዋት ሰማሁ።

ኮረብታዎቹ የጠመኔ ድንጋይ ናቸው። አዎ፣ ሰሌዳ ላይ የምንጽፍበት ጠመኔ። አናታቸው ላይ አጭር ሣር አለ፣ ከብት እየጋጠው አጭር ሆኖ የሚኖር። በሚያዝያና በግንቦት ጎርስ የሚባል እሾሃማ ቁጥቋጦ ቢጫ አበባ ያወጣል። ኮረብታው ሁሉ ቢጫ ይሆናል። እናቴ ደነገጠች። "አደይ በፋሲካ?" አለች። ቀረብ ብላ ስታሸተው ኮኮናት ኮኮናት ይላል። አደይ እንዳልሆነ ያኔ አመነች።

ዛፍ ካለበት ስትገቡ ቀና በሉ። ቀይ ሽኮኮ (ስኩዊረል) ታያላችሁ። ለንደን መናፈሻ ውስጥ የምናየው ግራጫው ነው። እሱ በ19ኛው መቶ ዘመን ከአሜሪካ የመጣ ነው። ምግቡን እየቀማ፣ በሽታም እያስተላለፈ፣ የአገሩን ቀይ ሽኮኮ ከአብዛኛው እንግሊዝ አጥፍቶታል። ሶለንትን ግን ተሻግሮ አልሰፈረም። ስለዚህ ቀዩ እዚያ በሰላም ይኖራል። ሰማዩንም ተመልከቱ። ክንፉ ሲዘረጋ እስከ 2 ሜትር ተኩል የሚደርስ ነጭ ጭራ ንስር አለ። ደሴቷ ላይ ለመጨረሻ ጊዜ ጎጆ ሠርቶ የታየው በ1780 ከልቨር የሚባለው ገደል ላይ ነበር። ሰው አድኖ ጨረሰው። በ2019 ጫጩቶች ከስኮትላንድ አምጥተው መልቀቅ ጀመሩ። በ2023 እንግሊዝ ውስጥ ከ240 ዓመት በላይ በኋላ የመጀመሪያው ጫጩት ተፈለፈለ። የጠፋ ነገር ሲመለስ ማየት የመሰለ ደስታ የለም።

ልጆች፣ ይህችን ስሙኝ። ኮምፕተን የሚባል ባሕር ዳር አለ። ባሕሩ ሲሸሽ አሸዋው ላይ ትልልቅ ድንጋዮች ይገለጣሉ። ጠጋ ብላችሁ ስታዩዋቸው ሦስት ጣት አላቸው። የዳይኖሰር ኮቴ ነው። እንስሳው ጭቃ ረገጠ፣ ጉድጓዱን አሸዋ ሞላው፣ አሸዋው ድንጋይ ሆነ። ከ120 ሚሊዮን ዓመት በላይ አልፎታል። የእኛ ድንቅነሽ 3.2 ሚሊዮን ዓመቷ ነው። ይህ ከእሷ ወደ 40 እጥፍ ይበልጣል። እጃችሁን ኮቴው ላይ አሳርፉ። ግን ባለበት ተዉት፤ አትቆፍሩት።

ወላጆች ደግሞ ይህችን ያዙልኝ። ባሕሩ በየቀኑ ይሞላል፣ ይሸሻል። ጣና እንዲህ አያደርግም። ሐዋሳም አያደርግም። እኛ ሐይቅ ነው የምናውቀው፣ ስለዚህ ዳርቻው ሁልጊዜ ባለበት የሚቆይ ይመስለናል። እኔ ኮምፕተን ላይ ኮቴ ሳይ ቆይቼ ቀና ስል የመጣሁበት አሸዋ ውኃ ሆኗል። ከጎኔ ገደል ነው። ጫማዬን አውልቄ እስከ ጉልበቴ ውኃ ውስጥ ገብቼ ወጣሁ። ልጄን በትከሻዬ ተሸክሜ። ያን ቀን ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም። ስለዚህ ከገደል ሥር ከመውረዳችሁ በፊት የዕለቱን የባሕር ሰዓት በስልካችሁ እዩ። ባሕሩ እየሸሸ ሳለ ውረዱ፣ መሙላት ሳይጀምር ውጡ። ዋና ከሆነ ደግሞ ጠባቂዎቹ በተከሏቸው ቀይና ቢጫ ባንዲራዎች መካከል ብቻ ዋኙ። ውኃ ቢወስዳችሁ አትታገሉት። በጀርባ ተንሳፈፉ፣ ትንፋሻችሁ እስኪመለስ። ችግር የገባበት ሰው ካያችሁ 999 ደውላችሁ ኮስትጋርድ በሉ። ተከትላችሁ አትግቡ። በየዓመቱ በዚህ አገር ውኃ የእኛን ወጣቶችም ይወስዳል። ሐዘኑን የምታውቁ እዚህ አላችሁ።

ገደሎቹም ይንሸራተታሉ። ከላይ ያለው ድንጋይ ውኃ ያስገባል። ከሥሩ ሰማያዊ ግራጫ ሸክላ አለ። ዝናቡ ሰርጎ ሸክላው ጋ ሲደርስ ያንሸራትተዋል። የአገሩ ሰው ሸክላውን "ሰማያዊው አንሸራታች" ይለዋል። በቬንትነር አካባቢ ቤትም መንገድም አብሮ ሄዷል። ስለዚህ "አትግቡ" ከተባለበት አትግቡ። ገደል ጫፍ ላይ ቆሞ ፎቶ መነሳት ይቅርባችሁ።

በደሴቷ ምዕራብ ጫፍ ኒድልስ የሚባሉ ሦስት ነጫጭ ዓለቶች ባሕር ውስጥ ቆመዋል። ካርዱ ሁሉ ላይ ያሉት እነሱ ናቸው። ድሮ አራት ነበሩ፤ ቀጭኗና ረጅሟ በ1764 በማዕበል ወደቀች። "የሎጥ ሚስት" ነበር ስሟ። ከፍሬሽዋተር ቤይ ተነስታችሁ በኮረብታው አናት 5 ኪሎ ሜትር ያህል ብትሄዱ ትደርሳላችሁ። ግራችሁ ባሕር፣ ቀኛችሁም ባሕር። ይህን መንገድ ከምንም በላይ እወደዋለሁ። ኮረብታው ቴኒሰን ዳውን ይባላል፤ ባለቅኔው ቴኒሰን ሥሩ ይኖር ስለነበር። አናቱ ላይ ለእሱ መታሰቢያ የተተከለ ትልቅ የድንጋይ መስቀል አለ። እናቴ ከሩቅ ስታየው አማተበች። ደርሳም ተሳለመችው።

አሁን ቃል የገባሁት ጋ ደረስን።

ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. በእኛ አቆጣጠር፣ በትንሣኤ ማግስት፣ ዓፄ ቴዎድሮስ መቅደላ ላይ ሽጉጣቸውን ጠጡ። ልጃቸው ዓለማየሁ ሰባት ዓመት ሊሞላው ጥቂት ነበር የቀረው። እንግሊዞች እናቱን እቴጌ ጥሩወርቅን እና እሱን ይዘው ወረዱ። እናቱ መንገድ ላይ ታመው ሞቱ። ጨለቆት ተቀበሩ። ልጁ ብቻውን ቀረ። ዙላ ላይ መርከብ ተሳፈረ። አብሮት የነበረው ካፒቴን ስፒዲ ነው። ባሻ ፈለቀ የምንለው፣ አማርኛ የሚችል፣ ቁመቱ ግዙፍ የሆነ እንግሊዛዊ። በዚያው በ1868 በሐምሌ ወር እንግሊዝ ገቡ።

ንግሥት ቪክቶሪያ ያን ጊዜ ኦዝቦርን ነበረች። ኦዝቦርን ከካውዝ አጠገብ ያለ የበጋ ቤተ መንግሥቷ ነው። በ1845 ገዝታ ከባሏ ጋር ያሠራችው፣ በ1901 ጥር 22 ቀንም የሞተችበት። ዓለማየሁን እዚያ አስመጥታ አየችው። ዛሬ ግቢው ለሕዝብ ክፍት ነው። ልጆቿ አትክልት የሚተክሉበት መደብ እና የራሳቸው ትንንሽ ጋሪዎች አሁንም አሉ። የግሏ የነበረው የባሕር ዳርቻም ተከፍቷል። ሄዳችሁ ስታዩ ይህን አስቡ፦ የመቅደላው ልጅ በዚያ ግቢ ገብቷል።

ከዚያ ስፒዲ ፍሬሽዋተር ወሰደው። አሁን የነገርኳችሁ ኮረብታ ሥር ያለችው መንደር ናት። እዚያ ጁሊያ ማርጋሬት ካሜሮን የምትባል ፎቶግራፍ አንሺ ትኖር ነበር። በዘመኗ ስሟ የገነነ። ቤቷ ዲምቦላ ይባላል፤ አሁን ሙዚየም ነው። እዚያ ነው ዓለማየሁን ያነሳችው። አንዳንዶቹን ፎቶዎች ሁላችሁም አይታችኋቸዋል። የአገሩን ልብስ ለብሶ፣ አንገቱ ላይ ጌጥ አድርጎ፣ ቁጭ ብሎ። አይስቅም። ዓይኑ የሆነ ቦታ ይመለከታል፣ ካሜራውን ግን አይደለም።

ፎቶውን መጽሐፍ ላይ ስታዩት ሌላ ነው። መንደሩ ውስጥ ቆማችሁ፣ ባሕሩ ጠጠሩን ሲጎትት እየሰማችሁ ስታስቡት ሌላ ነው። እሱም ይህንን ድምፅ ሰምቷል።

ከዚያ በኋላ ስፒዲ ሕንድ ወሰደው። ሲመለስ ቼልተናም፣ ራግቢ፣ ሳንድኸርስት ገባ። ኅዳር 14 ቀን 1879 ሊድስ ላይ በ18 ዓመቱ ሞተ። ዊንድዘር ተቀበረ። አገራችን አጽሙ እንዲመለስ ጠይቃለች። በ2023 ቤተ መንግሥቱ አይሆንም አለ። በዚያው ዓመት ከጸጉሩ አንድ ቁንጥር ለንደን ላይ ለኢትዮጵያ ተመለሰ። እኔ አጽሙ አንድ ቀን አገሩ ይገባል ብዬ አምናለሁ። እስከዚያ ግን ዊንድዘር መቃብሩን ብቻ አይተን መቅረት የለብንም። ልጅ ሆኖ የተራመደበትንም እንየው። ልጆቻችን ስለ እሱ የሚያውቁት ሞቱን ብቻ እንዲሆን አልፈልግም። ሰባት ዓመቱ ነበር እኮ። ከኋላ ከተቀመጣችሁት መካከል ሰባት ዓመት የሞላችሁ ስንት ናችሁ? አያችሁ።

እናቴ የደብረ ታቦር ሰው ናት ብያችኋለሁ። ቴዎድሮስ ሴባስቶፖል የተባለውን መድፍ ካሠራበት ጋፋት ቅርብ ነው ያደገችው። እሷ ቴዎድሮስ አትልም። "ካሣ" ነው የምትለው፣ ትናንት ጎረቤት እንደነበረ ሰው። ፎቶው ፊት ብዙ ቆመች። እኔ ስለ ካሜሮን ላስረዳት ጀመርኩ። አልሰማችኝም። ብርጭቆው ላይ እጇን አሳርፋ "አይዞህ የካሣ ልጅ" አለችው። "እናትህ መንገድ ላይ ቀሩብህ አይደል።" ከዚያ ወጥተን ጠጠሩ ላይ ተቀመጥን። ቡና በፔርሙስ ይዛ ነበር። ሦስተኛውን እስክንጠጣ ድረስ አንድም ቃል አላወራችም።

እንግዲህ ጉዞውን እናድርገው ብዬ ነው የመጣሁት። በነሐሴ ብዙ ሰው ይሄዳል፤ ማደሪያም ይወደዳል፤ ለእኛም ፍልሰታ ነው። ከፋሲካ በኋላ ያለው ጊዜ ይሻላል፤ ጎርሱ ያብባል፣ ቀኑም ይረዝማል። ሁለት ሌሊት እንቆያለን። የመጀመሪያው ቀን ራይድና ኦዝቦርን። ሁለተኛው ቀን ፍሬሽዋተር፣ ከዚያ በእግር ኮረብታው ላይ። ለደከማቸው እናቶች አውቶቡስ አለ፤ ኒድልስ ድረስ ይሄዳል፤ እዚያ እንገናኛለን። ሦስተኛው ቀን ለልጆቹ፣ ለአሸዋውና ለኮቴው፤ የባሕሩን ሰዓት እኔ አያለሁ። ነጭ ሽንኩርት የሚያበቅል ትልቅ እርሻም አለ፤ ጉንጉኑን ገዝቶ ቤቱ መስቀል ለሚፈልግ ስንመለስ ጎራ እንላለን።

መጠኑ ልክ የሆነ፣ ጥርስ ያለው ጫማ አድርጉ። ነፋሱ ኃይለኛ ነው፤ ፀሐይ ብታዩም ጃኬት ያዙ። ፍርፍራችሁን ክዳን ባለው ዕቃ አድርጉት፤ የባሕር ወፎቹ ከእጅ ላይ ይነጥቃሉ። መመዝገቢያው ወረቀት በሩ ጋ ነው። ስማችሁን፣ የልጆቻችሁን ቁጥርና ዕድሜ ጻፉ። ቡናውን እናቴ ካመጣችው አሁንም ቤቴ ስላለ፣ በፔርሙስ እኔ እይዛለሁ።